መድኃኒቱ መንገዱን እንዲያውቅ

ባሮ ሲሞላ ታንኳ መቅዘፍ የጉልበት ሥራ ነው፤ ሲጎድል ግን የዓይን ሥራ ይሆናል። የክረምቱ ጎርፍ ሸሽቶ አሸዋው ከሥር ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር፣ ውኃው ወደ ቢጫ ያደላበት ቦታ ታንኳ የሚያስቀር ደለል አለ ማለት ነው። ጠቆር ብሎ በዝግታ የሚዞርበት ቦታ ደግሞ ጥልቅ ነው፤ ያሳልፋል። ኦጆት ይህን ሲያነብ ነው የኖረው። ከጋምቤላ ከተማ ወደ ላይም ወደ ታችም ባሉት መንደሮች ሰው፣ በቆሎና የደረቀ ዓሣ ሲያመላልስ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። እሱ አሸዋ ላይ የወጣበት ቀን ካለ፣ ተሳፋሪው ለሳምንት የሚያወራው ወሬ አገኘ ማለት ነበር።

በዚያ ዓመት ግን፣ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ማለዳ ማለዳ መዝሙር በሚያሰማበት ዘመን፣ ኦጆት በጥቅምት ወር ብቻ ደጋግሞ አሸዋ ላይ ወጣ።

"እናንተ አኙዋዎች ከብት የላችሁም የሚሉት ውሸት ነው ለካ!" አለው ዱቄት የጫነ አንድ የኑዌር ተሳፋሪ። "ይኸው ታንኳህን ሣር ልታግጣት ወደ ዳር ታወጣታለህ።"

ታንኳው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ኦጆትም ሳቀ፤ ወርዶ ታንኳውን ገፋ። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ኦጆት የሚያየው በግራ ዓይኑ ብቻ ነው። ቀኙን በልጅነቱ ሸምበቆ ወግቶት ነጭ ጠባሳ ሸፍኖታል፤ ዓይኑ በቦታው አለ፣ ብርሃኑ ግን የለም። አሁን በዚያ በቀረው ዓይኑ ዳር ላይ አንድ ጥላ ተቀምጧል። ቢያሸው አይሄድም፤ ቢያጥበው አይሄድም። ዳመና በወንዝ ላይ ሲያልፍ የሚጥለውን ጥላ ይመስላል፤ ልዩነቱ ይህኛው አያልፍም።

ይህን የነገረው ለሚስቱ ለአጅዋንግ ብቻ ነበር። ነገሩ ከአጅዋንግ ዘንድ አድሮ አያውቅም፤ በማግስቱ እጁን ይዛ ወደ ክሊኒኩ ወሰደችው። ድሬሰሩ ኮአንግ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቃቸው የኑዌር ሰው ነው። ባትሪውን አብርቶ፣ የኦጆትን የግራ ዓይን ቆብ ወደ ላይ ይዞ ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"በዓይንህ ነጭ ጎን፣ ከውስጥ፣ ጠቆር ያለ ነገር አብጧል" አለ። "የኦፒው አባት፣ ዓይንህን የመታህ ነገር ነበር?"

"የመታኝ የለም።"

ከኋላው የቆመችው አጅዋንግ በረጅሙ ሳለች። ኦጆት ዞር ብሎ ገላመጣት። ኮአንግ ጉንፋን የያዛት መሰለው።

ዕድል ሆነና ያን ሰሞን የዓይን ዕጢ የሚያጠና ቡድን ከአዲስ አበባ በዳኮታ አውሮፕላን መጣ። አንድ የዓይን ሐኪምና አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸው። ባለሙያዋ ጽጌ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች ስለ ሥራዋ ማውራት የማይሰለቻት የደገኛ ልጅ። በዚህ በፀሐይና በወንዝ አገር በሰዎች ዓይን ላይ ምን ዓይነት ዕጢ እንደሚበቅል ለማወቅ ነበር የመጡት። ኮአንግ የጠረጠራቸውን ሕመምተኞች ሁሉ በክሊኒኩ በረንዳ ላይ አስቀመጠላቸው። ኦጆትም ከእነሱ አንዱ ሆነ።

ችግሩ ምን እንደሆነ እንይ። ዓይን ትንሽ ነው፤ ሐኪም ከሌላ አካል ላይ ቆርሶ እንደሚመረምረው፣ ከዓይን ውስጥ ቁራጭ ሥጋ ላውጣ ቢል ዓይኑን ያጠፋዋል፤ ክፉ ዕጢ ከሆነም ይበትነዋል። ከውጭ ብቻ ቢያይ ደግሞ ክፉውና ደጉ ይመሳሰሉበታል። ሁለቱም ጥቁር እብጠት ናቸው። ክፉው ሰውን ይገድላል፤ ደጉ ምንም አያደርግም። ታዲያ ሳይቆርጡ እንዴት ይለያል? ጽጌ ከአዲስ አበባ ድረስ ተሸክማው የመጣችው ነገር ለዚህ ነበር። በወፍራም የእርሳስ ብረት ማሰሮ ውስጥ የታሸገ መድኃኒት ነው፤ መልኩ ውኃ፣ ጣዕሙ ውኃ፣ በውስጡ ግን ጨረር የሚተፋ ፎስፈረስ አለ።

ኦጆት ተራው ሲደርስ ጽጌ ብልቃጡን በረጅም መቆንጠጫ አውጥታ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ገለበጠችለት።

"ጋሼ ኦጆት፣ ይጠጡት። አንድ ጠብታ እንዳይቀር። ከባሕር ማዶ ነው የመጣው።"

"መራራ ነው?"

"ውኃ ነው።"

"ውኃ ከሆነ ለምን ከባሕር ማዶ ያመጡታል? እዚህ ባሮ አለ" አለ ኦጆት፤ በረንዳው ላይ ያሉት ሳቁ። ጽጌም እየሳቀች ለሚቀጥለው ሰው ብልቃጥ ለማውጣት ፊቷን አዞረች።

ኦጆት ያደገው በወንዝ ዳር በአባቱ ቤት ነው። በዚያ ቤት ሽማግሌ የሚወለደውን፣ የሚድነውንና መንገድ የሚሄደውን የሚመርቀው በምራቁ ነው። መድኃኒትም ሲሰጥ ዝም ብሎ አይጠጣም። የመጀመሪያው ጉንጭ ወደ መዳፍ እንትፍ ይባላል፤ የታመመውም ቦታ በዚያ ይታበሳል። ሆድ ውስጥ የገባ መድኃኒት ጨለማ ውስጥ ነውና መንገዱን እንዲያውቅ ነው። ደረቱን የታመመ ደረቱን፣ ጉልበቱን የታመመ ጉልበቱን ያብሳል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከጀመረ በኋላም ይህን የሚተውበት ምክንያት አላገኘም፤ ማንም ተው ያለው የለም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጉንጭ በግራ መዳፉ ላይ እንትፍ አለ፤ የግራ ዓይኑን፣ ሽፋሽፍቱንና ቅንድቡን አበሰ። የቀረውን ጠጣ። ብርጭቆውን ገልብጦ አንጠባጠበና መለሰላት።

"ጎበዝ!" አለችው ጽጌ። "ሁለት ቀን እንጠብቃለን። እስከዚያ ዓይንዎን ውኃ እንዳይነካው፤ ወንዝም አይውረዱ።"

ወንዝ አትውረድ መባል ለኦጆት ከሕመሙ ይልቅ ከበደው። በየቀኑ ባሮ ውስጥ የሚነከር ሰው ነው። የታዘዘውን ግን አደረገ። ሁለቱን ቀን ፊቱን ሳይታጠብ፣ መቅዘፊያ ሳይነካ፣ የልጁ የኦፒው ሚስት የኛሙዎን ቤት በር ላይ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ዋለ። ኛሙዎን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። ኦጆት ከዚህ ቀደም የልጅ ልጅ አላየም። ስትነሣ ስትቀመጥ በዓይኑ ይከተላታል።

"አማቴ ከእኔ በፊት ያምጣል" ትላለች ኛሙዎን እየሳቀች።

በሁለተኛው ቀን ጽጌ የዓይን ማደንዘዣ ጠብ አደረገችለትና አልጋ ላይ አስተኛችው። እንደ እርሳስ ጫፍ የቀጠነ፣ ጨረር የሚቆጥር መንኪያ ከሽቦ ጋር ተያይዟል፤ ሽቦው ጣት የሚያህል መብራት ወዳለበት ሣጥን ይሄዳል። መንኪያውን በመጀመሪያ በቀኝ ዓይኑ ላይ፣ ቀጥሎ በግራው እብጠት ላይ አሳረፈችው። ፎስፈረሱ የሚተፋው ጨረር ከሥጋ ውስጥ ብዙ ርቀት መውጣት አይችልም፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሄዶ ይደክማል። ስለዚህ መንኪያው ዓይኑ ላይ ካላረፈ ምንም አይሰማም።

በቀኝ ዓይኑ ላይ ሣጥኑ ትክ፣ ትክ፣ ትክ አለ፤ ዝናብ ካቆመ በኋላ ከሣር ጣሪያ እንደሚንጠባጠብ ውኃ። በግራው ላይ ሲያርፍ ግን ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዶፍ ተንጫጫ።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ ነገር የማያጣፍጥ ሰው ነው።

"አቶ ኦጆት፣ ዓይንዎ ውስጥ ያለው ክፉ ዕጢ ይመስላል። ዓይኑ ውስጥ ከቆየ ወደ ጉበት ይሄዳል። ያኔ ማንም ሊያድንዎት አይችልም። ዓይኑ መውጣት አለበት።"

"የትኛው?"

"የግራው።"

ኦጆት አማርኛው በገበያና በመሠረተ ትምህርት የተማረው ነው፤ በአፍ መፍቻው አንተና እርስዎ የሚባል ልዩነት ስለሌለ ሁሉንም አንተ ነው የሚለው። "አንተ ሐኪም፣ ቀኙ ብርሃን የለውም" አለ ቀስ ብሎ። "ግራውን ከወሰድህ ምን ይቀራል?"

"እርስዎ ይቀራሉ።"

ኦጆት ከአልጋው ተነሥቶ ተቀመጠ።

"አውሮፕላኑ ከነገ ወዲያ ይመጣል" አለ ሐኪሙ። "ከእኛ ጋር ይሄዳሉ፤ ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ነው። እስከዚያ ከቤተሰብዎ ጋር ይምከሩ። እኔ አላስገድድዎትም።"

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኦጆት ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አጅዋንግን ከፊቱ እንድትቀመጥ ለመናት።

"ለምን?"

"ላይሽ።"

"ሠላሳ ዓመት አይተኸኛል። ምን የቀረህ አለ?" አለች። ግን ተቀመጠች። ዓሣ እየከፈለች፣ ቢላዋውን በእንጨት ላይ እየጠረገች፣ አንዴም ቀና ሳትል ብዙ ቆየች። ቀና ብትል እንደምታለቅስ ታውቃለች፤ አልቅሳ ደግሞ የመጨረሻ መልኳን የተጨማደደ ልታደርግበት አልፈለገችም።

"ሕፃኑ ሳይወለድ ነው የምሄደው" አለ ኦጆት።

"ኛሙዎን ትንሽ ብትፈጥንስ!"

"ልታሮጫት ነው?"

"ብትችል አሮጣት ነበር።"

ኦጆት ሞትን አልፈራም ለማለት አይደለም፤ ፈርቶታል። ዓይኑ ይውጣ ብሎም ቆርጧል። ግን ወደ ጨለማ ከመግባቱ በፊት የሕፃኑን ፊት አንዴ ማየት፣ አንዴ በምራቁ መመረቅ ፈለገ። ሌላም ነገር ነበር፤ ዓይኑን የሚወስድበትን ነገር አያውቀውም። ዓሣ ነጥቆት ቢሄድ ዓሣውን ያውቀዋል፤ አዞ ቢወስደው አዞውን ያውቀዋል። ያ ሣጥን ግን ምን አይቶ ነው የተንጫጫው?

በማግስቱ ጠዋት ተነሥቶ ወደ ክሊኒኩ ሄደ። አጅዋንግ ተከተለችው። ጽጌ በረንዳው ላይ ዕቃዋን እያሸገች ነበር።

"ያ ነገር ምን እንዳየ ንገሪኝ" አላት። "ዓይኔን የሚወስደውን ልወቀው።"

ጽጌ የያዘችውን አስቀመጠች። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቃት ሰው ስታገኝ ፊቷ ይበራል፤ በሽተኛ ደግሞ ይህን ጠይቋት አያውቅም። ወለሉ ላይ ከኦጆት ፊት ተቀመጠች።

"ይመልከቱ ጋሼ ኦጆት። ፎስፈረስ በበቆሎውም፣ በዓሣውም፣ በአጥንትዎም ውስጥ አለ። ሰውነት ሲያድግ፣ ቁስል ሲድን፣ አዲስ ሥጋ ሲሠራ ይፈልገዋል። ክፉ ዕጢ ደግሞ ያለ ልክ የሚያድግ ሥጋ ነው፤ ማደግ ማቆም አያውቅም። ስለዚህ ሆዳም ነው። የፎስፈረሱን ሲሳይ ከጎረቤቱ ሁሉ በላይ ይሰበስባል።"

"እንደ እንግዳ አማች" አለች አጅዋንግ። ኦጆት ለእሷ እየተረጎመላት ነበር።

"በትክክል! አሁን እኛ ያጠጣንዎት ፎስፈረስ ከበቆሎው ፎስፈረስ አይለይም። ሰውነት አይለየውም፤ ዕጢውም አይለየውም፤ ሁለቱንም እኩል ይወስዳል። የእኛው ግን እየሄደ ጨረር ይተፋል። እኔ ዕጢው ውስጥ ገብቼ አላይም። ከውጭ ሆኜ የት እንደተሰበሰበ አዳምጣለሁ። ሆዳሙ ሥጋ ባለበት ድምፁ ይበዛል።"

 ኦጆት ቀስ እያለ ፈገግ ማለት ጀመረ።

"ይኼ የአባቴ ቅል ነው" አለ።

"ምን?"

"አባቴ ጉማሬ ይወጋ ነበር። የጦሩ ብረት ከጉማሬው ሥጋ ውስጥ ይቀራል። ብረቱ ላይ ገመድ አለ፤ ገመዱ ጫፍ ላይ ትልቅ ባዶ ቅል ታስሯል። ጉማሬው ይሰምጣል። ውኃው ጭቃ ነው፤ ማንም አያየውም። ቅሉ ግን ከላይ ይንሳፈፋል። ቅሉ ወደ ላይ ሲሄድ ጉማሬው ወደ ላይ ሄደ፤ ሲቆም ቆመ። እኛ ልጆቹ ጉማሬውን አናይም፤ ቅሉን ነው የምናይ።"

ጽጌ በሁለት እጇ ጉልበቷን መታች። "እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው! ፎስፈረሱ ብረቱ፣ ጨረሩ ቅሉ! እኔ ተማሪ ሆኜ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ ስንት ሌሊት ባልተሠቃየሁ!"

ኦጆት ጨዋታው ጣመው። "አንዳንዴ ግን ገመዱ ይበጠሳል" አለ። "ቅሉ ብቻውን ይንሳፈፋል። ጅል አዳኝ ታንኳውን ይዞ ባዶ ቅል ያሳድዳል፤ ጉማሬው ሌላ ቦታ ሣር ይበላል። ስለዚህ አባቴ መጀመሪያ ቅሉ መታሰሩን ነው የሚ..."

አቆመ። ዓይኑ የግራ መዳፉ ላይ ወረደ።

ጽጌ አላስተዋለችም፤ የሣጥኑን ሽቦ እየጠቀለለች ነበር። አጅዋንግ ግን ባሏን ታውቀዋለች። "ምን ሆንህ?" አለችው በአኙዋ ቋንቋ።

"መድኃኒቱን" አለ በዚያው ቋንቋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በመዳፌ ዓይኔን አብሻለሁ። መንገዱን እንዲያውቅ።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ ቅሉን እኔው ነኝ ዓይኔ ላይ ያስቀመጥሁት።"

አጅዋንግ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ወደ ክሊኒኩ በር ተመለከተች። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ቆሟል። በአጥሩ ላይ የመንግሥት ንብረት የሚያባክን አሻጥረኛ እንደሚቀጣ የሚናገር ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ኦጆት መሠረተ ትምህርት ተምሮ መጀመሪያ ካነበባቸው ጽሑፎች አንዱ እሱ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣ መድኃኒት፣ አንድ ጠብታ እንዳይቀር የተባለ፣ በመዳፍ ላይ እንትፍ የተባለ።

"ዝም በል" አለች አጅዋንግ። ወዲያው ደግሞ ያለችውን ሰማችው። ዝም ካለ ዓይኑ ይሄዳል። "አይ፣ አትበል። ንገራት። ቢያስሩህም ዓይን ያለው እስረኛ ሆነህ ትታሰራለህ፤ ስንቅ ሳመጣልህ ታየኛለህ።"

ኦጆት መዳፉን ወደ ጽጌ ዘረጋ። "እኅቴ፣ ያን ሣጥን እዚህ አድርጊው እስቲ።"

"ለምን?"

"አድርጊው።"

ጽጌ ግራ እየገባት ሣጥኑን ከፍታ አበራችው፤ መንኪያውን ወደ መዳፉ አስጠጋች። ሣጥኑ ተንጫጫ። ከመቅዘፊያ ብዛት በተሰነጣጠቀው ቆዳ ላይ ከአንዱ ስንጥቅ ወደ ሌላው እየወሰደች አዳመጠችው። ቀጥሎ ወደ ቅንድቡ፣ ቀጥሎ ወደ ሽፋሽፍቱ። በሁሉም ቦታ ያው ዶፍ ነው። ኦጆት ያደረገውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት፤ የአባቱን ቤት፣ ጉንጩን፣ መዳፉን።

ጽጌ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ እንባ ሆነ። "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ፊቴን ያዞርሁት! መዳፍዎንም አልለካሁ! ዓይን እንዳያጥቡ ያልሁዎትም እኔ!" ብላ ተነሥታ ሮጠች። "ዶክተር! ዶክተር፣ ኧረ ይምጡ!"

ሐኪሙ መጥቶ ሰማ። ፊቱ ጠቆረ፤ ጥበቃው እንኳ ቀረብ አለ። ኦጆት ትከሻውን አጠበበ።

"አስቡት" አለ ሐኪሙ ለማንም ሳይሆን። "ነገ በዚህ ሰዓት አውሮፕላን ላይ ነን።" ከዚያ ወደ ኦጆት ዞረ። "ስለነገሩን እግዜር ይስጥልን። ጽጌ፣ ሳሙና አምጪ።"

ጥበቃው ምን እንደሆነ ጠየቀ። "ሕመምተኛ ፊቱን ሊታጠብ ነው" አለው ሐኪሙ። ጥበቃውም ለዚህ የሚሆን መመሪያ ስላልነበረው ወደ በሩ ተመለሰ።

ማጠቡ ቀላል አልነበረም። ጽጌ በሳህን ውኃና በሳሙና ቅንድቡን፣ ሽፋሽፍቱን፣ የጥፍሩን ሥር ሁሉ ታጥባለች፤ በመንኪያው ታዳምጣለች፤ ደግማ ታጥባለች። እጣቢው ወንዝ እንዳይገባ ኮአንግ ከክሊኒኩ ጀርባ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ይደፋዋል። ዓይኑንም ከውስጥ በንጹሕ ውኃ አጠቡት። ዶፉ ካፊያ፣ ካፊያው ጠብታ ሆነ። መዳፉ ዝም ሲል፣ ቅንድቡ ዝም ሲል፣ ማደንዘዣ ጠብ አድርገው እንደገና አስተኙት።

እንደገና መለካት የተቻለው ኦጆት የቀረውን መድኃኒት ስለጠጣው ነው። የዋጠው አሁንም በደሙ፣ በአጥንቱ፣ በሥጋው ውስጥ አለ። ዕጢው ክፉ ከሆነ እስካሁን ድርሻውን ሰብስቧል፤ ቅሉ አሁን በትክክለኛው ገመድ ታስሯል።

በቀኝ ዓይን፤ ትክ፣ ትክ፣ ትክ።

አጅዋንግ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ቆማለች።

በግራ ዓይን፣ በእብጠቱ ላይ፤ ትክ፣ ትክ፣ ትክ።

ጽጌ መንኪያውን አንሥታ እንደገና አሳረፈችው። ሐኪሙ ራሱ ተቀብሎ አሳረፈው። ሆዳም የለም። እብጠቱ ከጎረቤቱ የበለጠ አልበላም።

"ተረጋጉ" አለ ሐኪሙ፤ ከሁሉ በፊት መረጋጋት ያቃተው ግን እሱ ነበር፤ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል፣ መልሶ ያደርጋል፣ ያወልቃል። "ይህ ፈተና ዕጢ የለም ብሎ አይምልም። ነገር ግን በዚህ ቁጥር የሰው ዓይን አላወጣም። ነገ ከመሄዳችን በፊት አንዴ እንለካለን። ግን ዕጢ ካልሆነ ያ ጥቁር ነገር ምንድን ነው? አቶ ኦጆት፣ እውነት ዓይንዎን የመታዎት ነገር የለም?"

"የለም።"

አጅዋንግ ሳለች። አሁን ግን ሳሏ አልበቃትም። "ንገራቸው እንጂ!"

"ዝም በይ።"

"ዓሣ ነው!" አለች አጅዋንግ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ ለሐኪሙ። "ትልቅ ዓሣ! በጅራት! ጷ!" ፊቷን በጥፊ እንደተመታ ሰው ወደ ጎን አደረገች። "ክረምት ላይ! ታንኳ ላይ ወደቀ፤ እሱ አይደለም፣ ባል!"

ኮአንግ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ኦጆት አልጋው ላይ ተኝቶ ጣሪያውን ተመለከተ። በወንዙ ላይ የኖረ ሰው፣ የጉማሬ አዳኝ ልጅ፣ በዓሣ ጥፊ ተመታ የሚል ወሬ ከከተማው እስከ ሩቁ ጎግ ድረስ እንዳይሄድ ነበር የደበቀው።

"ይሄማ ደም ነው!" አለ ሐኪሙ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። "ውስጥ ፈስሶ የተቋጠረ ደም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ቀስ እያለ ይመጠጣል። ወንድሜ፣ ዓሣ ቢመታዎት ምን ያሳፍራል?"

"አንተ ዓሣ መትቶህ ያውቃል?" አለው ኦጆት።

በማግስቱ የመጨረሻው ልኬት ያንኑ ተናገረ። አውሮፕላኑ ያለ ኦጆት ሊነሣ ነው። ኮአንግ በየጊዜው ዓይኑን በባትሪ እያየ እብጠቱ ቢጨምር ወዲያውኑ እንዲልከው ሐኪሙ አዘዘ። ጽጌ ባዶ የእርሳስ ማሰሮዋን ታቅፋ ልትሰናበተው ስትመጣ ኦጆት ወደ ጎን ጠራት።

"ያ መድኃኒት እስከ መቼ በእኔ ውስጥ ይኖራል?"

"በየሁለት ሳምንቱ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያ የግማሹ ግማሽ፣ ከዚያ የዚያ ግማሽ። ጎተራ ውስጥ እንዳለ እህል፤ ማንም ባይበላው በራሱ ያልቃል።"

"ምራቄ ውስጥስ አለ?"

ጽጌ ለምን እንደጠየቀ ገባት። "የሚጎዳ አይመስለኝም፤ በጣም ጥቂት ነው። ለሕፃን ግን... እኔ ብሆን እጠብቅ ነበር።"

"ማለቁን በምን አውቃለሁ? ሣጥኑን ይዘሽ ልትሄጂ ነው።"

ጽጌ ወንዙን ተመለከተች። ውኃው በሸሸበት እርጥብ ዳርቻ ላይ ሴቶች በቆሎ እየዘሩ ነበር። "እዚያ ዛሬ የተዘራው መቼ ይበላል?"

"ጥር መጨረሻ። የካቲት።"

"እንግዲያው ዛሬ ይዝሩ" አለችው። "በቆሎው ሲበላ እርስዎም ከመድኃኒቱ ጠርተዋል።"

ኦጆት አውሮፕላኑ ከሜዳው ሲነሣ የሰማው ጎንበስ ብሎ በቆሎ ሲዘራ ነው። ቀና ብሎ አየው። ትንሽ እስኪሆን፣ ከዚያም እስኪጠፋ ድረስ አየው።

ኛሙዎን በሳምንቱ ሴት ልጅ ወለደች። ኦጆት ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ሕፃኗን በብርሃን አቅጣጫ አዙሮ አያት። ጆሮዋ የአጅዋንግ ነው። የግንባሯ መጨማደድ የማን እንደሆነ አልታወቀም። ሁሉም የአያትን ምራቅ ጠበቀ። ኦጆት ሕፃኗን መልሶ ለእናቷ ሰጠና ወጣ።

ሰዉ ተጎሻሸመ። የኛሙዎን እናት ሆድ ባሳት። "አያትየው ለልጄ ልጅ ምራቅ ቆጠበባት" ስትል አጅዋንግ ሰማቻት።

"አልቆጠበም" አለች አጅዋንግ። "አፉ ውስጥ እንግዳ አለ። እንግዳው ይሂድ።"

ታኅሣሥ አለፈ፤ ውኃው ጠራ። ኦጆት በየጠዋቱ በቆሎውን ያይና ወደ ታንኳው ይሄዳል። ጥላው ከዓይኑ ዳር አልጠፋም፤ ግን ሳስቷል፤ ዳመናው ቀጥኖ ከኋላው ፀሐይ እንዳለ ይታወቃል። ያ የኑዌር ተሳፋሪ እንደገና ተሳፈረና፣ አሸዋው አጠገብ ሲደርሱ በተስፋ ጠበቀ። ታንኳዋ በጥቁሩ ውኃ በኩል ቀጥ ብላ አለፈች።

"ጠግባለች" አለው ኦጆት።

በቆሎው ጥር ሊያልቅ ሲል ጢሙ ጠቆረ። ኦጆት አንድ ራስ ቆርጦ፣ ወንዝ ዳር እሳት አንድዶ ጠበሰው፤ ብቻውን ተቀምጦ ፍሬውን አንድ በአንድ ጨረሰ። ከዚያ አፉን በባሮ ተጉመጠመጠና ኛሙዎንንና አጅዋንግን ጠራቸው።

ሕፃኗን በክንዱ ላይ አስተኛት። አሁን ወፍራ፣ አንገቷን ችላ፣ ዓይኗን በሰው ላይ ተክላ የምታይ ልጅ ሆናለች። ኦጆት ጎንበስ ብሎ ግንባሯ ላይ፣ ከዚያ በደረቷ ላይ፣ ከዚያ በቀስታ በሁለቱ ዓይኖቿ ቆብ ላይ እንትፍ አለ። ስትገረም አፏ ተከፈተ። በሁለት ዓይኗ አየችው፤ እሱም በአንዱ አያት። ከዚያ እጇን ዘርግታ ጢሙን ጨብጣ አልለቅም አለች።

"ምራቁ መንገዱን አውቆታል" አለች አጅዋንግ።